አራተኛውን ውል ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

እኔና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የክሊኒኮችን ቀጠሮ የሚያደራጅ ሶፍትዌር የሚሠራ ስታርትአፕ አቋቁመን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ስድስት ሠራተኞች አሉን። 41 ክሊኒኮች በየወሩ ይከፍሉናል፤ ከእነርሱ ወደ 22 ሺህ ዶላር እናገኛለን፤ ወጪያችን ግን 40 ሺህ ነው። በባንክ ያለን ገንዘብ ዘጠኝ ወር ያቆየናል። ባለፈው ዓመት 13 አዳዲስ ክሊኒኮች ገብተውልናል፤ ጥሎን የሄደ የለም።

እስካሁን የቆየነው ሴፍ በሚባለው፣ ገንዘቡን አሁን ተቀብሎ አክሲዮኑ ወደፊት በሚሰጥበት ውል በተሰጠን ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 300 ሺህ ዶላር በ3 ሚሊዮን ጣሪያ ወሰድን፤ ጣሪያ የሚባለው ገንዘቡ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ለኩባንያው የሚታሰበው ከፍተኛው ዋጋ ነው። ቀጥሎ 400 ሺህ በ5 ሚሊዮን፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ሲጨንቀን 200 ሺህ በ2.5 ሚሊዮን። ከመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች አንዱ አጎቴ ናቸው፤ ከጡረታ ገንዘባቸው 30 ሺህ ዶላር አውጥተው ነው የሰጡኝ። ባገኙኝ ቁጥር «አክሲዮኔ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። «ደህና ነው» እላለሁ።

ከእኛ ጋር አንድ ማሠልጠኛ የገባች ጓደኛችን በዚያው በ2021 አንድም ደንበኛ ሳይኖራት፣ 12 ገጽ ማሳያ ብቻ ይዛ 3 ሚሊዮን ዶላር አገኘች። እኛ ከፋይ ደንበኞች ይዘን ባለፈው ወር አንድ ትልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅት ዘንድ ስንቀርብ «ገና ናችሁ፤ ዓመታዊ ገቢያችሁ አንድ ሚሊዮን ሲሞላ ተመለሱ» ተባልን። ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ከቀድሞ ሰጪዎቻችን አንዱ ሌላ 200 ሺህ ዶላር በ2 ሚሊዮን ጣሪያ ሊሰጡን ውሉን ልከዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ባልደረባዬ ዛሬውኑ እንፈርም ይላል። እኔ ደግሞ ወጪያችንን ቀንሰን ክሊኒኮቹ በሚከፍሉን እንኑር ባይ ነኝ። ግን ይህ ሐሳቤ ጥንቃቄ ይሁን ፍርሃት መለየት አቅቶኛል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ከኩባንያው ምን ያህሉ የእኔ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ መስራች

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያየሁት የገንዘብ ጭንቀትሽን ነበር። በሁለተኛው ግን ዓይኔ «ደህና ነው» በምትለው አጭር መልስሽ ላይ ቀረ። ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ደረጃው ላይ ስላስለቀሰሽ ነገር ላውራሽ፤ ባላጠፋሽው ጥፋት ያለቀስሽ ይመስለኛልና።

ራስሽን ከጓደኛሽ ጋር ስታስተያዪ ሁለታችሁም አንድ ገበያ እንደወጣችሁ ቆጥረሽ ነው። እርሷ የወጣችበት ገበያ ግን የብድር ወለድ ወደ ዜሮ በተጠጋበት ዘመን የቆመ ነው። በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያውሉት የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች የሚሰጡት ገንዘብ አብዛኛው የራሳቸው አይደለም፤ ከጡረታ ፈንዶች፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ሀብት፣ ከባለጸጋ ቤተሰቦች የሚሰበስቡት ነው። እነዚህ ባለገንዘቦች የመንግሥት ቦንድ ይህ ነው የሚባል ወለድ በማይከፍልበት ጊዜ አሥር ዓመት በሚያስጠብቅ ነገር ላይ ገንዘባቸውን ለማዋል ይደፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያ ድፍረት ጫፍ ደረሰ፤ በዓለም ዙሪያ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ ስታርትአፖች ፈሰሰ። በማግሥቱ፣ በማርች 2022፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ማሳደግ ጀመረ፤ በጁላይ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ያው ባለገንዘብ ያለ ምንም ስጋት አምስት በመቶ ማግኘት ሲችል ለሕልም የሚሰጠው ገንዘብ ቀነሰ፣ ለመስራቾች የሚቀርበውም ጥያቄ ተለወጠ። ቀድሞ «ሐሳብሽ የት ድረስ ይሄዳል?» ነበር፤ አሁን «ማን እየከፈለሽ ነው?» ሆነ። ጓደኛሽ የተጠየቀችው የመጀመሪያውን ነው፣ አንቺ ሁለተኛውን። ለሁለተኛው ደግሞ 41 መልስ አለሽ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከዚያ ወዲህ ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውርታችኋል? በዚያ ዓመት በከፍተኛ ግምት ገንዘብ የወሰዱ ብዙ መስራቾች ቀጣዩን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዙር ሲፈልጉ የቀድሞው ዋጋቸው ራሱ እንቅፋት ሆኖባቸዋል። የእርሷን ሁኔታ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ግን ደውዪላት። ምናልባት እርሷንም በዚያው ሰዓት ከእንቅልፏ የሚያስነሳት ነገር ይኖር ይሆናል።

«ገና ናችሁ» የሚለውም ቃል ቢሆን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንጂ በአንቺ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ትርጉሙም በየዘመኑ ሲገለባበጥ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የጆርጅ ዶሪዮ የኢንቨስትመንት ድርጅት ለኮምፒውተር ሠሪው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት መስራቾች 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ከኩባንያው ሁለት ሦስተኛ የሚበልጠውን ሲወስድ፣ መስራቾቹ ገና አንድ ዕቃ አልሸጡም ነበር። በ1977 ባለሀብቱ ማይክ ማርኩላ ከፊሉን በብድር፣ ከፊሉን በድርሻ አድርጎ 250 ሺህ ዶላር ለአፕል አቀረበና ከሁለቱ መስራቾች ጋር እኩል ባለድርሻ ሆነ። በ1998 ባለሀብቱ አንዲ ቤክቶልስሃይም ለጉግል የ100 ሺህ ዶላር ቼክ ሲጽፍ፣ በቼኩ ላይ ስሙ የሰፈረው ኩባንያ በሕግ እንኳ አልተመዘገበም። ያን ጊዜ ገና መሆን የሚያስመልስ ነገር አልነበረም።

እኔም የመጀመሪያ ኩባንያዬን ያቋቋምኩት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከባለሀብቶች ካገኘነው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ያለቀው አንድ ደንበኛ ሳይኖረን ሰርቨር በመግዛት ነበር። ያ ክፍል አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ውጭው እያቃጠለ እኛ ሹራብ ደርበን እንገባለን፤ የማቀዝቀዣው ጩኸት ስለማያሰማን ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ እንጠጋለን። ማሽኖቹ የአቅማቸውን አንድ አሥረኛ ሳይሠሩ ኩባንያው ተዘጋ። አማዞን በ2006 የኮምፒውተር አቅምን በሰዓት ሒሳብ ማከራየት ሲጀምር ያ ክፍል ከመስራቾች ሕይወት ወጣ፤ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ገንዘብም በአንድ ጊዜ አነሰ። ጀማሪ ኩባንያዎችን እያሠለጠነ የመነሻ ገንዘብ የሚሰጠው ዋይ ኮምቢኔተር ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2005፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቡድኖች ሲቀበል ለአንድ መስራች የሰጠው ስድስት ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ገንዘብ ሲያንስ ሰጪዎቹ በዙ። ከኪሳቸው አውጥተው የሚሰጡ ግለሰቦች መጡ፤ ቀጥሎም ለዘር ገንዘብ፣ ማለትም ለኩባንያ መነሻ፣ ብቻ የተቋቋሙ ትንንሽ ፈንዶች። ትንንሾቹ ሲሳካላቸው አደጉ፤ ሲያድጉ ትንሽ ቼክ መጻፍ አላዋጣቸውም። በዚህ የተነሣ ቀድሞ «ኤ ዙር» የሚባለው፣ ከዘር ገንዘብ ቀጥሎ ይመጣ የነበረው ደረጃ ዛሬ «የዘር ዙር» ሆኗል፤ ከሥሩም «ቅድመ ዘር» የሚባል አዲስ ስም ተፈልጎለታል። በ2023 ሚስትራል የተባለው የፈረንሳይ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያ በተቋቋመ በጥቂት ወራት 105 ሚሊዮን ዩሮ ሲያገኝ ያም የዘር ገንዘብ ነው የተባለው። ለስድስት ሺህ ዶላርም ለ105 ሚሊዮን ዩሮም የሚያገለግል ስም መለኪያ ሊሆንሽ አይችልም።

ለመሆኑ የመለሳችሁ ድርጅት የሚያስተዳድረው ፈንድ ስንት ነው? ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ እንባ ያድናል። 500 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ ከእናንተ አንድ አምስተኛ ቢኖረውና ኩባንያችሁ በ50 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ የሚደርሰው 10 ሚሊዮን ነው። ለእናንተ ዕድሜ ልክ የሚበቃው ለእርሱ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ከሚያያቸው ኩባንያዎች ሁሉ የሚፈልገው እጅግ ግዙፍ ሊሆን የሚችለውን ብቻ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ማዶ ለተወሰኑ ዓመታት ተቀምጬ የመስራቾችን ማመልከቻ አንብቤአለሁ። «ገና ናችሁ» ብዬ ከመለስኳቸው ብዙዎቹ ሥራቸው ያማረ ነበር፤ ከፈንዳችን መጠን ጋር ግን አይገጥሙም። ያንን በግልጽ ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ ዛሬ።

አሁን ወደሚያሳፍርሽ ነገር እንምጣ። ድርሻሽን አለማወቅሽ የአንቺ ብቻ ጉድለት አይደለም። ከሴፍ በፊት መስራቾች የሚፈርሙት ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር ነበር፤ ወለድ ይታሰብበታል፣ የመክፈያ ቀንም አለው። ቀኑ ሲቃረብ ወደድሽም ጠላሽም ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ። ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 መጨረሻ ሴፍን ሲያወጣ ወለዱንም ቀኑንም አስቀረ። ለመስራቾች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እኔም ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ግን ከቀኑ ጋር የመቁጠር ልማዱም ሄደ።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዢና አብረን እንቁጠር። ውላችሁ ከ2018 ወዲህ የተለመደው፣ ጣሪያው የሴፍ ሰጪዎቹን ገንዘብ የሚጨምረው ዓይነት ከሆነ ገንዘቡን ለጣሪያው ማካፈል ይበቃል። 300 ሺህ ለ3 ሚሊዮን፣ 10 በመቶ። 400 ሺህ ለ5 ሚሊዮን፣ 8 በመቶ። 200 ሺህ ለ2.5 ሚሊዮን፣ 8 በመቶ። ድምሩ 26። ለሁለታችሁ 74 ይቀራል፤ እኩል ከሆናችሁ የአንቺ 37 ነው። ነገ የአክሲዮን ዋጋ የሚቆረጥበት ዙር ብታካሂዱ፣ አዲሱ ባለሀብት 20 በመቶ ቢወስድና 10 በመቶ ለሠራተኞች ይቀመጥ ቢል፣ የነባሮቹ ሁሉ ድርሻ በ70 በመቶ ይባዛል። ሁለታችሁ 51.8፣ አንቺ 25.9 ትሆናላችሁ። አሁን አራተኛውን ውል ጨምሪበት፤ 200 ሺህ ለ2 ሚሊዮን 10 በመቶ ነው። የሴፎቹ ድምር 36 ይደርሳል፣ የእናንተ 64፣ ከዙሩ በኋላ ደግሞ 44.8። ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ከግማሽ በታች ትወርዳላችሁ።

ከግማሽ በታች መውረድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ጥሩ መስራቾች ከዚያም ያነሰ ይዘው ሠርተዋል። ቁም ነገሩ በ10 በመቶው ምን ትገዢበታለሽ የሚለው ነው። በየወሩ 18 ሺህ ይጎድላችኋል፤ ስለዚህ 200 ሺህው 11 ወር ገደማ ይገዛላችኋል። ካላችሁ ዘጠኝ ወር ጋር 20 ወር። በአምናው ፍጥነት ከሄዳችሁ በዚያ ጊዜ 22 ያህል ክሊኒክ ትጨምራላችሁ፤ 63 ይሆናሉ። የተጠየቃችሁት አንድ ሚሊዮን ግን አሁን በምታስከፍሉት ዋጋ ወደ 155 ክሊኒክ ይፈልጋል። ገንዘቡ ወደዚያ በር ሳያደርሳችሁ መንገድ ላይ ያልቃል። ባልደረባሽ ፍጥነቱን በምን እንደሚያሳድገው የጨበጠው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ክሊኒኮችን በጅምላ የሚያመጣ አንድ ትልቅ ደንበኛ ደጃፍ ላይ ደርሶ ከሆነ፣ 10 በመቶው ሊያዋጣ ይችላል። አለው? ጠይቀሽዋል? ዕድሜ ለማራዘም ብቻ ከሆነ ግን ውድ ይመስለኛል።

የአንቺንም መንገድ ላሳምረው አልፈልግም። በዘጠኝ ወር ውስጥ 10 ክሊኒክ ብታገኙ በወር 5,400 ዶላር ገደማ ይጨምርላችኋል። ዋጋችሁን በ15 በመቶ ብታሳድጉና ሁሉም ቢቀበሉት ሌላ 4 ሺህ። አሁንም ከ8 ሺህ በላይ ይጎድላል፤ ይህም ከወጪያችሁ አንድ አምስተኛው ነው። የሁለታችሁ ደመወዝ፣ ወይም ከስድስቱ የአንዱ ወንበር ማለት ነው። «ወጪ እንቀንስ» ስትዪ በልብሽ የማን ስም አለ? ባልደረባሽስ ለመፈረም የቸኮለው ያንን ስም ላለመጥራት ይሆን? ከቁጥሩ በፊት ስለዚህ ሆድ ለሆድ ብትነጋገሩ ይሻላል።

ጥንቃቄ ነው ወይስ ፍርሃት ላልሽው፣ በደንበኛ ገንዘብ መኖር በራሱ የፈሪ መንገድ አይደለም። የኢሜይል ማሰራጫ ሶፍትዌር የሚሠራው ሜይልቺምፕ ሃያ ዓመት ከቬንቸር ካፒታል አንድ ሳንቲም ሳይወስድ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሶፍትዌር ኩባንያው ኢንቱይት በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። እንደዚያ ትሆኛለሽ እያልኩሽ አይደለም፤ ያ መንገድ ለሥራቸው ስለሚስማማ የመረጡት ጎበዞች መኖራቸውን እንድታውቂ ነው። አንድ መለያ ልስጥሽ። ወጪ የመቀነሱን ሐሳብ ስታስቢ ለክሊኒኮቹ ልትሠሪላቸው የምትፈልጊው ነገር እየታየሽ ከሆነ ጥንቃቄ ነው። የሚታይሽ ከዚያ ደረጃ ዳግም አለመውጣትሽ ብቻ ከሆነ ግን እንደገና አስቢበት።

በመንገድሽ ላይ ያላየሽው የመሰለኝ አንድ ነገር አለ፤ አጎትሽን የሚመለከተው ይህ ነው። ሴፍ አክሲዮን አይደለም፣ ብድርም አይደለም። ወደፊት አክሲዮን ለመስጠት የገባችሁት ቃል ነው። ቃሉ የሚፈጸመው ዋጋ የሚቆረጥበት ዙር ስታካሂዱ ወይም ኩባንያው ሲሸጥ ነው፤ ኩባንያው ከተዘጋም ሰጪዎቹ ከአበዳሪዎች ቀጥሎ ከቀረው ይካፈላሉ። አዲስ ዙር ሳታደርጉ፣ ሳትሸጡ፣ በክሊኒኮቹ ክፍያ ሃያ ዓመት በሰላም ብትኖሩ የአጎትሽ 30 ሺህ ዶላር ሃያ ዓመት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አክሲዮን ስላልያዙ በስብሰባ ድምፅ አይኖራቸውም፤ ገንዘቤን መልሱልኝ የሚሉበት ቀንም የለም። አንቺ የምትድኚበት መንገድ እርሳቸውን እንዳይጎዳ ከፈለግሽ፣ ሴፎቹን አሁን በስምምነት ወደ አክሲዮን ለመለወጥ ለሰጪዎቹ ሁሉ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሕጋዊ ነው፤ ግን የሰጪዎቹን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በመጀመሪያ ሦስቱንም ውሎች አውጥቼ እያንዳንዱን አንቀጽ አነብባለሁ። በተለይ «ለሌላ የተሻለ ውል ከሰጣችሁ ለእኔም ይገባኛል» የሚል ሐሳብ ያለበት አንቀጽ እፈልጋለሁ፤ ካለ አዲሱ የ2 ሚሊዮን ጣሪያ ለነባሩም ሊያልፍ ይችላል፣ የሠራነው ሒሳብም ይባስ ብሎ ይወርዳል። ይህን የኩባንያ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማሳየት ከምታወጪው ክፍያ ሁሉ የሚጠቅምሽ ነው። በዚሁ ሳምንት ከክሊኒኮቹ ለአምስቱ ደውዪና የዋጋ ጭማሪውን በግልጽ ንገሪያቸው። የእነርሱ መልስ ከማንኛውም ባለሀብት አስተያየት የበለጠ ይነግርሻል። ከባልደረባሽ ጋር ደግሞ ሁለታችሁም ለየብቻ በወረቀት ጻፉ፤ በስንት ደመወዝ መኖር እችላለሁ፣ ስንት ወር መታገሥ እችላለሁ፣ ከምን በኋላ ይበቃኛል እላለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀያየሩ። አብሮ መሥራት የከበዳቸው መስራቾች ብዙ ጊዜ የተለያዩት በሦስተኛው መልስ ላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለሰጪያችሁም የተጨማሪ ሁለት ሳምንት ጊዜ ጠይቂያቸው። ጣሪያውን እንደ አምናው 2.5 ሚሊዮን ያደርጉት እንደሆነም አንሺባቸው፤ 10 በመቶው ወደ 8 ይወርዳል። ግማሹን ብቻ እንውሰድ ማለትም ይቻላል። ከልባቸው የሚደግፏችሁ ከሆነ በመጠየቅሽ አይቀየሙም።

አሁን ወደ «ደህና ነው»። የእኔ ኩባንያ የተዘጋው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ናስዳክ ጫፍ ከደረሰበት ከማርች 2000 በኋላ በዓመቱ ነው። የታላቅ እህቴ ባል ገንዘብ አስገብቶበት ነበር። እኔም እንዳንቺ «ደህና ነው» እያልኩ ቆየሁ፤ ከተዘጋም በኋላ ሁለት ዓመት ቤታቸው መሄድ ፈርቼ ቀረሁ። በመጨረሻ ሄጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ለመሆኑ ድርሻዬ ስንት ነበር?» አለኝ። አላውቀውም ነበር። ገንዘቡን ከማጣቴ ይልቅ ያን ዕለት ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያመኛል።

የአጎትሽ 30 ሺህ ለ3 ሚሊዮን ሲካፈል አንድ በመቶ ነው። ያሰብነው ዙር ቢካሄድ 0.7 ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈሽ፣ ውሉን ይዘሽ፣ ይህ ወር ሳያልቅ ሂጂላቸው። አክሲዮን እንዳልሆነ፣ ምን ሲሆን አክሲዮን እንደሚሆን፣ ላይሆንም የሚችልበት መንገድ እንዳለ ንገሪያቸው። ጥያቄ ካላቸውና ካልመለስሽው ጻፊልኝ፤ አብረን እንመልሰዋለን።